ከምርመራው ማግስት፦ የብዙኃን ምርመራና የሕዝብ ፈቃደኝነት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ተጠቂ በኢትዮጵያ ከተገኘ አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በነሐሴ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ታወጀ። እስከዚያ ድረስ ምርመራው በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚገቡ መንገደኞችን፣ የበሽታው ምልክት የታየባቸውንና ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የሚመለከት ነበር። በዘመቻው ግን ናሙና ሰብሳቢዎች ወደ መንደርና ወደ ሥራ ቦታ ወጡ፤ በቀን ከ20 ሺህ በላይ ናሙናዎች የተመረመሩባቸው ቀናትም ነበሩ። የላቦራቶሪ አቅም በጥቂት ወራት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ እዚህ መድረሱ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ናሙና ለመስጠት ስለሚያመነቱ ሰዎች በተነሣ ቁጥር ደጋግሞ የሚሰማው ማብራሪያ አንድ ነበር፤ የግንዛቤ እጥረት።

ይህ ሐረግ ከአገሪቱ የጤና ጥናቶች የማጠቃለያ ክፍል አይጠፋም። ሰዎች ካልመጡ አላወቁም፤ ካላወቁ ይማሩ፤ ከተማሩ ይመጣሉ። ሰንሰለቱ ቀና ይመስላል፤ ጥናት ለመጨረስም ይመቻል፤ ምክንያቱም የመፍትሔ ሐሳቡ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ተጨማሪ ትምህርት፣ ተጨማሪ ቅስቀሳ። ነገር ግን በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በአገር ውስጥም በውጭም የታየው ልምድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ሰው ለምርመራ መቅረቡን ወይም መቅረቱን ይበልጥ የሚወስነው ስለ ቫይረሱ ያለው ዕውቀት ሳይሆን፣ ቫይረሱ ቢገኝበት በማግስቱ ምን እንደሚደርስበት የሚያደርገው ግምት ነው። ይህ ግምት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛ ነው። የሚያመነታው ሰው ከሚመክረው ባለሙያ ይልቅ የራሱን ማግስት አሳምሮ ያውቀዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጠይቁ ነው። «የኮቪድ-19 ምርመራ ለማድረግ ፈቃደኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ፣ በነጭ ጋዋን ወይም በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ታጅቦ ለቀረበለት ሰው ጥያቄ ሳይሆን ፈተና ነው። በአገሪቱ ባህል እንግዳን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ የሚባለው ኃይል በመልሱ ውስጥ ከቫይረሱ ይልቅ ድርሻ አለው። ከዚህም ሌላ ጥያቄው ስለ ወደፊት ነው። ዋጋው ገና ያልተጠየቀበትን ነገር መፍቀድ ለማንም ቀላል ነው። በቃሉ ራሱ ውስጥም ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ አንደኛው መልካም መሆኑን መቀበል፣ ሁለተኛው ዋጋውን ለመክፈል መቁረጥ። መጠይቁ የመጀመሪያውን ይለካል፤ የጥናቱ ርዕስ ግን ስለ ሁለተኛው ያወራል። ልዩነቱን ለማየት ምርመራው በተግባር ወደተካሄደባቸው ቦታዎች መሄድ ያስፈልጋል።

በብዛት ረገድ ስሎቫኪያን የመሰለ ምሳሌ በአውሮፓ የለም። አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች አገር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 እና ኖቬምበር 1 ቀን 2020፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በፈጣን የአንቲጂን ምርመራ አዳረሰች። ሥራውን ያቀናጀው ሠራዊቱ ነበር። ከተመረመሩት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ከ38 ሺህ በላይ፣ ማለትም ከመቶ አንድ ያህል ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው በፈቃዱ ተሰለፈ ሊል ይችላል። መንግሥትም ምርመራው ግዴታ አይደለም ብሎ ነበር። ነገር ግን ያልተመረመረ ሰው ከጥቂት አስፈላጊ ጉዳዮች በስተቀር ከቤት እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ ወደ ሥራ ለመሄድ ከቫይረሱ ነጻ መሆንን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት መያዝ ያስፈልግ ነበር። ግዴታ ያልሆነ ነገር ግን ያለ እርሱ መንቀሳቀስ የማይቻልበት ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ የቋንቋ ጉዳይ ነው። በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዙዛና ቻፑቶቫ ራሳቸው ይህን አሠራር በይፋ ተችተዋል።

እዚህ ላይ ለስሎቫኪያ ፍትሕ መስጠት ይገባል። በሳምንቱ ስርጭቱ ከፍተኛ በሆነባቸው 45 ወረዳዎች ምርመራው ሲደገም ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመርምረው፣ ቫይረሱ የተገኘባቸው ከመቶ አንድ በታች ሆኑ። በኋላ በሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው ትንታኔ፣ ሁለቱንም ዙር ባስተናገዱት ወረዳዎች ስርጭቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይቷል፤ ምንም እንኳ በዚያው ሰሞን የተጣሉ ሌሎች ገደቦችን ድርሻ ከምርመራው ድርሻ ሙሉ በሙሉ መለየት አስቸጋሪ ቢሆንም። ስለዚህ ጫናው ውጤት አላመጣም ማለት አይቻልም። የሚነሣው ጥያቄ ውጤቱ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ ምርመራ የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው፤ ዛሬ ከቫይረሱ ነጻ የተባለ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ሊያዝ ይችላል። የብዙኃን ምርመራ ጠቀሜታ የሚኖረው ሲደጋገም ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ የሚሸከመው የሰዎች መልካም ፈቃድ እንጂ የሠራዊት ቅንጅት አይደለም። በስሎቫኪያ ክረምቱ ሲገፋ ወረርሽኙ ተመልሶ በረታ፤ በ2021 መጀመሪያ አገሪቱ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በዓለም ከፍተኛ የሞት መጠን ከተመዘገበባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ይህ የሆነው በምርመራው ምክንያት ነው ለማለት አይደለም። ሆኖም ሁለት ሦስተኛውን ሕዝብ ማሰለፍ መቻል የወረርሽኙን ቀጣይ ወራት እንደማይገዛ በግልጽ ያሳያል።

ሆንግ ኮንግ የዚህ ተቃራኒ ናት። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 እስከ 14 ቀን 2020 በተካሄደው ዘመቻ ምርመራው ነጻና ሙሉ በሙሉ በፈቃድ ነበር፤ ካልተመረመሩት ላይ የተነጠቀ መብት አልነበረም። ከሰባት ሚሊዮን ተኩል ነዋሪ የተመረመረው 1.78 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ቀደም ሲል ያልታወቁ ሆነው የተገኙት የቫይረሱ ተጠቂዎች 32 ብቻ ነበሩ። የሆንግ ኮንግ ሕዝብ ስለ ወረርሽኝ የግንዛቤ እጥረት አለበት ብሎ የሚከራከር አይገኝም። በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ ክፉኛ የተመታች ከተማ ናት፤ በ2020 መጀመሪያም ነዋሪዎቿ መንግሥት ሳያዛቸው በፊት የፊት መሸፈኛ ማድረግ ጀምረዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሕዝብ ሦስት አራተኛው ለምን ቀረ?

መልሱ የሚገኘው ከጤና ገጽ ሳይሆን ከፖለቲካ ገጽ ነው። ከዘመቻው ሁለት ወር ቀደም ብሎ የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ወጥቷል፤ በጁላይ መጨረሻ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ምርጫ ወረርሽኙን ምክንያት በማድረግ ለአንድ ዓመት ተላልፏል። ለምርመራው እገዛ ባለሙያዎች ከዋናው ቻይና መጡ፤ ከዋናው ቻይና ኩባንያዎች ጋር የተያያዙ ላቦራቶሪዎችም ተሳተፉ። ብዙዎች የሰጡት ናሙና ለዘረመል መረጃ መሰብሰቢያ ይውላል ብለው ሰጉ። መንግሥት ናሙናዎቹ ከሆንግ ኮንግ እንደማይወጡና እንደሚወገዱ ደጋግሞ ገለጸ፤ ሆኖም ማረጋገጫው ራሱ የመጣው ካልታመነው ወገን ነበርና ሥጋቱን አላጠፋውም። ስለ ስጋቱ እውነትነት እዚህ ላይ መፍረድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው፣ ናሙና መስጠት ከአፍንጫና ከጉሮሮ የሚወሰድ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን፣ ራስን ለአንድ ተቋም አሳልፎ መስጠትም መሆኑን ማየት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በሆንግ ኮንግ ከተሳተፉት ላቦራቶሪዎች አንዱ የተያያዘበት ቢጂአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ በመስከረም 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ የመመርመሪያ መሣሪያ ፋብሪካ ከፍቷል፤ በኢትዮጵያ ግን የዘረመል ጉዳይ ዋነኛ የሕዝብ መከራከሪያ አልሆነም። ጥርጣሬ ከመሣሪያው ጋር አብሮ አይመጣም፤ ሕዝቡ ከሚያስተዳድረው አካል ጋር ካለው ታሪክ ይወለዳል።

ከሁለቱም ይልቅ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የሚቀርበው የሊቨርፑል ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገሩ የኑሮ ነገር ነውና። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ባላት በዚህች የእንግሊዝ ከተማ ከኖቬምበር 6 ቀን 2020 ጀምሮ ምልክት የሌለበት ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲመረመር ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ወታደሮችም ለእገዛ ገቡ። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በፈጣኑ መሣሪያ የተመረመረው ከነዋሪው ሩብ ያህሉ ነበር። ከዚህ ድምር በላይ የሚናገረው ክፍፍሉ ነው። ድህነት በበረታባቸው ሠፈሮች የሚመረመረው ሰው ቁጥር ዝቅተኛ፣ ከተመረመሩት መካከል ቫይረሱ የሚገኝባቸው ሰዎች መጠን ግን ከፍተኛ ሆነ። ምርመራው ይበልጥ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ይበልጥ ተሸሸ ማለት ነው። የዘመቻው ግምገማ ካነሣቸው ምክንያቶች ዋነኛው፣ ለቀናት ከሥራ መቅረት የሚያስከትለውን የገቢ ማጣት መፍራት ነበር። በወቅቱ በእንግሊዝ አገር በሕግ የተደነገገው የሕመም ክፍያ በሳምንት 95.85 ፓውንድ ነበር። ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች የተዘጋጀው የ500 ፓውንድ ድጋፍም ቢሆን መስፈርት ነበረው፤ መስፈርቱን የማያሟሉም ብዙ ነበሩ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያለ የጽዳት ሠራተኛ ወይም ዕቃ አመላላሽ «አልመረመርም» ሲል ያላወቀው ነገር የለም። አሳምሮ ቆጥሯል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ይኸው ሒሳብ በሌላ መልክ ይገኛል፤ ከገንዘቡም ሌላ ይጨመርበታል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ምልክት ኖረውም አልኖረውም፣ ወደ ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በኋላም ሚሊኒየም አዳራሽን ወደመሳሰሉ ማዕከላት ይወሰድ ነበር። ንክኪ ያላቸው ደግሞ ወደ ለይቶ ማቆያ ይገቡ ነበር። ቤት ውስጥ ሆኖ ራስን መለየት የተፈቀደው የታማሚው ቁጥር ከማዕከላቱ አቅም በላይ መሆን ሲጀምር ነው። ይህ አሠራር ስርጭትን ለመግታት የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ ከመንደር ሲታይ የነበረው ገጽታ ሌላ ነው፤ አምቡላንስ ይቆማል፣ ከራስ ጥፍር እስከ እግር ጥፍር የተሸፈኑ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ጎረቤት ከየበሩ ያያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የየዕለቱ መግለጫ የታማሚውን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ዜግነት፣ የመኖሪያ ከተማና የጉዞ ታሪክ እየዘረዘረ ይቀርብ ነበር። ለሕዝቡ ግልጽነት ነው፤ ለትንሽ ከተማ ነዋሪ ግን ስም ከመጥራት ብዙም አይርቅም። አንዲት የጉልት ነጋዴ ለሁለት ሳምንት ከቦታዋ ብትነሣ የምታጣው የሁለት ሳምንት ገቢ ብቻ አይደለም፤ ቦታውን ራሱን፣ ከዚያም አልፎ «ያቺ የታመመችው» ተብላ ደንበኞቿን ነው። በአንድ ግቢ አሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ በሚጋራበት ሠፈር ደግሞ ራስን መለየት የሚለው ምክር ሊፈጸም የማይችል ትእዛዝ ይሆናል። ሊፈጽመው የማይችለውን ትእዛዝ የሚያስከትል ውጤት መስማት የማይፈልግ ሰው አላዋቂ ሊባል አይገባውም።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት ከኮሮና በፊትም አይታዋለች። የኤች.አይ.ቪ. ቅስቀሳ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት፣ በየመንገዱ ሰሌዳ ሳይቋረጥ ተነግሯል፤ ስለ በሽታው ያልሰማ የከተማ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ቢሆንም መመርመር ለብዙዎች የሞት ፍርድን ቀድሞ ከመስማት የተለየ ነገር አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ፤ በሚሊኒየሙ ዋዜማ በተካሄደው አገር አቀፍ የኤድስ ዘመቻና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተመርማሪው ቁጥር በሚሊዮን የሚቆጠር ሆነ። በእርግጥ የመመርመሪያ ጣቢያዎች መስፋፋት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መሰማራት፣ የሃይማኖት አባቶች ተጋቢዎች አስቀድመው እንዲመረመሩ መጠየቃቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ከሁሉም በታች ያለው መሠረት አልተለወጠም፤ ከውጤቱ በኋላ የሚሰጥ ነገር መጣ። ቀደም ሲል ውጤቱ የሚያደርሰው ወደ መገለል ነበር፤ በኋላ ወደ መድኃኒትም የሚያደርስ ሆነ። የሰው ዕውቀት በአንድ ጊዜ አልዘለለም፤ ማግስቱ ግን ተቀየረ።

በዚህ አመለካከት ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. «ኮሮና የሚባል ነገር የለም»፣ «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ ሰዎች በርካታ ነበሩና የግንዛቤ ጉዳይ ጨርሶ ሊጣል አይገባም የሚል ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ መካድ ራሱ አንዳንድ ጊዜ የዋጋ ውጤት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ቤት ተቀምጦ መዋል የማይችል የቀን ሠራተኛ፣ በየዕለቱ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ለመሄድ የሚገደድ ሰው፣ በሽታው እውነት መሆኑን ተቀብሎ ደግሞ እንደ ወትሮው መኖር ይከብደዋል፤ ከሁለቱ አንዱን መተው ሲኖርበት የሚተወው መኖርን አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ እንግሊዝን ያቃተው የገቢ ድጋፍ ኢትዮጵያን ከየት ይምጣላት? መልሱ የሚቻለውንና የማይቻለውን ከመለየት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ተጠቂ የሁለት ሳምንት ደመወዝ መክፈል አይቻል ይሆናል። የአንድን ሰው ውጤት ጎረቤት በማያውቅበት መንገድ ማድረስ፣ ታማሚን ሌት እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን በቀጠሮ መውሰድ፣ የጉልት ቦታው እስኪመለስ እንደሚጠበቅለት ወረዳው ማረጋገጫ መስጠት ግን ከበጀት ይልቅ ሥርዓትን የሚጠይቁ ናቸው። እድር ለቅሶ ቤት ምግብ ማድረስ የሚችል ተቋም ነው፤ የታመመ ጎረቤት በር ላይ ማድረስ የማይችልበት ምክንያት የለም፤ አስቀድሞ ከተነገረውና ከታማሚው ፈቃድ ከተገኘ። ይህ ሁሉ ከናሙና መሰብሰቢያው ዘመቻ በፊት መዘጋጀት የነበረበት እንጂ በኋላ የሚታሰብ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ለፖሊሲ አውጪው ብቻ አይደለም። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ከሚሠሩት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች መካከል የዕውቀት፣ የአመለካከትና የተግባር መጠይቅን መሠረት ያደረጉት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለስታቲስቲክስ ይመቻል። ስለ ምርመራ ፈቃደኝነት በዚህ መንገድ የሚሠራ ጥናት አዋቂዎች ይበልጥ ፈቃደኞች መሆናቸውን ቢያገኝ አያስገርምም፤ የተማረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛም ነውና፣ የሕመም ፈቃድ አለውና፣ የራሱ ክፍልም አለውና። ትምህርት እንደ ምክንያት ሲጻፍ በሥሩ ኑሮ ተደብቆ ያልፋል። የገቢ መጠን በሠንጠረዡ ውስጥ መኖሩም ችግሩን አይፈታም፤ ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ 3,000 ብርና በየማለዳው ወጥተው የሚለቅሙት 3,000 ብር ለምርመራ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

በመሆኑም ከመጠይቁ ላይ ሊቀየር የሚገባው የጥያቄዎቹ ዓይነትና ቅደም ተከተል ነው። ቤት ውስጥ ብቻውን የሚተኛበት ክፍል አለ ወይ? ዛሬ ሥራ ባይወጣ ቤት ያለው እህል ለስንት ቀን ይበቃል? ውጤቱን ከእርሱ ሌላ ማን እንደሚሰማ ይገምታል? ከዚህ በፊት በሠፈሩ የተወሰደ ሰው አለ፣ ሲመለስስ እንዴት ተቀበሉት? የሰጠው ናሙና ምን ላይ ይውላል ብሎ ያምናል? «ፈቃደኛ ነዎት?» የሚለው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ሲቻልም በቃል መልሱ ሳይወሰን፣ ጣቢያው በተከፈተበት ቀን ከመጡት ሰዎች መዝገብ ጋር፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ ይመሳከር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምናልባት በጥናቱ ውስጥ ከሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ጠቃሚው ይሆናል፤ እስካሁን ግን እንደ ስሕተት እየተቆጠረ ከትንታኔው ሲወጣ ቆይቷል።